የእናቴን እግር ያሰሩት ሴት

የአረጋውያን መዋያው ቫን እናቴን ከአፓርታማችን በር ላይ ሲያወርዳት ሁለቱም እግሮቿ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ሥር በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው አየሁ። ወድቃለች ብዬ ደመደምኩ። እሷን ከመጠየቄ በፊት ስልክ አንስቼ ወደ መዋያው ደወልኩ። ተረኛው ማን እንደነበረ፣ አደጋው የት ቦታ እንደደረሰ፣ ለቤተሰብ ወዲያው ያልተነገረው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ። የሙያ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ ስሠራ የኖርኩት እንዲህ እየጠየቅሁ ነው። የመዋያው ኃላፊ በትዕግሥት አዳምጣኝ ስታበቃ፣ ምንም አደጋ እንዳልደረሰ ነገረችኝና «እናትሽን ጠይቂያት» አለች።

ስልኩን ስዘጋ እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿን ዘርግታ፣ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ታያቸው ነበር።

«ማን ወደቀ አለሽ?» አለችኝ። «እትዬ ናት ያሰረችልኝ። ያባቴን ገምባሌ አይመስልም?»

ገምባሌ የድሮ ወታደር ባቱ ላይ የሚጠቀልለው ነው። እትዬ ያለቻቸው ደግሞ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩትን ቻይናዊት አዛውንት ነው። ሁለቱም አንድ መዋያ ይውላሉ፣ ጠዋት አንድ ቫን ይወስዳቸዋል። እናቴ የደሴ ሰው ናት። ዕድሜ ልክ ግድግዳ የተጋራቻቸውን ጎረቤቶቿን እስከ መጨረሻው አንቱ እንዳለች ነው የተለየቻቸው። እኚህን ሴት ግን ወር ሳይሞላ አንቺ አለቻቸው። እሳቸው አማርኛ አይሰሙም፤ እናቴም ቻይንኛ አትሰማም። ሁለቱም በየራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ፣ አንዷ ሌላዋን አታቋርጥም። እኔ ከእናቴ ጋር በአንድ ቋንቋ እያወራሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሼ አላውቅም።

የእግሯ ነገር እንዲህ ነው። እኔ ወደምኖርበት ከተማ ኮሎምቢያ ሃይትስ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች በሁለተኛው የበረዶ ወራት እግሮቿ ያብጡ ጀመር። ሐኪሙ ባት የሚጨብጥ ረጅም ካልሲ አዘዘላት። ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ካልሲውን ላለብሳት እታገላለሁ።

«እማዬ፣ እግርሽን ዘርጊልኝ።»

«ይሄ ካልሲ አይደለም፣ ወጥመድ ነው።»

«ሐኪሙ ነው ያዘዘው።»

«እንግዲያው ሐኪሙ ይልበሰው።»

አንዳንድ ቀን እኔ አሸንፋለሁ፤ ሥራ ሄጄ ስመለስ ካልሲው ከትራሷ ሥር ይገኛል። ከሰዓት በኋላ፣ ከዕረፍት ቀኔ በቀር፣ ኩን ራፒድስ አንድ የልብስ መደብር ካሸር ነበርኩ፣ ቅዳሜ ደግሞ ለማኅበረሰባችን የአማርኛ ራዲዮ ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። አልናገርም ያለ ባለሥልጣን ያናገርኩ ሰው ነኝ። አንዲት ሴት ካልሲ ማልበስ ግን አቃተኝ።

የጨርቁ ነገር ለአንድ ቀን መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ እናቴ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ፣ ጃኬቷን ደርባ ወደ ታች ወረደች። በሦስተኛው ቀን ተከትያት ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አዛውንቷ ከሰማንያ ያለፉ፣ ጸጉራቸው አጭርና ድፍን ነጭ፣ ከፊቷ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው የእናቴን ተረከዝ ጭናቸው ላይ አሳርፈዋል። ከአንሶላ የተቀደደ ረጅም ጨርቅ እንደ ፋሻ ጠቅልለው በእጃቸው ይዘዋል። ከቁርጭምጭሚቱ ጀምረው ዙሪያውን ያዞሩታል፣ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍናል፣ ባቱ ወፈር የሚልበት ቦታ ሲደርሱ ጨርቁን አንዴ ያጥፉታል። እጃቸው አይቸኩልም። አይጠይቁም፣ እግርሽን ዘርጊ አይሉም።

እናቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነበር። ግራ እጇ የሴትየዋ ነጭ ጸጉር ላይ አርፏል። አስባበት አይደለም፤ ሰው ክንዱን የወንበር መደገፊያ ላይ እንደሚያሳርፈው ነው።

በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ለጤናዋ ማሰብ፣ ጥንቃቄ። ሌሎች ሲያደርጉት ባየው በአንድ ቃል የምጠራውን ነገር ለራሴ ሲሆን ማለባበሱ ተገቢ ስላልመሰለኝ ቃሉን ተቀበልኩ።

ክሊኒክ ወስጃት ነርሷ እንድታየው አደረግሁ። ይከልከል ትላለች ብዬ ተስፋ ማድረጌን አልክድም። ነርሷ ጨርቁን ፈትታ፣ ባቷን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየች። እብጠቱ መቀነሱን፣ ጣቶቿ ካልጠቆሩና ካልደነዘዙ ችግር እንደሌለው ነገረችን። ከዚያም «ማን ነው ያሰራት? ጎበዝ ሰው ነው» አለች።

እናቴ እንግሊዝኛ ባትሰማም «ምን አለች?» አለችኝ።

«ደህና ነው አለች።»

«ከዚያ በላይ ነው ያለችው። ፊቷን አይቼዋለሁ።»

እየቆየ ሌላውም መጣ። እናቴ ከሰው ቤት ምግብ አትቀምስም። ሐላል መሆኑን ካላወቀች ውኃ እንኳ ትጠራጠራለች። ታች ቤት ግን በሻይ ቅጠል የተቀቀለ እንቁላል ትበላለች። ቢያንስ ድስቱን አጣርታ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ለብቻዬ ድስት ገዝታልኛለች» አለችኝ። «አሳማ አልነካበትም ብላ በእጇ ምልክት አሳየችኝ። አፍንጫዋን ወደ ላይ ገፍታ፣ እንዲህ።» የአሳማ አፍንጫ ሠርታ አሳየችኝና ሳቀች። እኔ የምሠራላትን እንቁላል ይሸተኛል ትላለች።

የሴትየዋ ልጅ የእኔ ዕኩያ ናት፣ ጥርስ ክሊኒክ ትሠራለች። አንድ እሑድ ፓርኪንጉ ላይ ተገናኝተን የመኪናችንን መስታወት በረዶ እየፋቅን፣ እናቷ እግር ማሰር የት እንደተማሩ ጠየቅኋት።

«ጦርነት ላይ» አለችኝ። «ጃፓኖች አገራችንን በያዙ ጊዜ ደፈጣ ተዋጊ ነበረች። ልጅ ሆና።»

አስቀድሜ የመጣልኝ ሐሳብ ምናልባት እውነት ላይሆን ይችላል የሚል ነበር። በሥራዬ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ጊዜ ሲርቅ ስንቅ ያቀበለ ሁሉ ተዋግቻለሁ ይላል። ለራዲዮው ላናግራቸው እንደምፈልግ ነገርኳት። ይህ እውነት ነው። ታሪኩን ልመረምረውና ቀዳዳ ላገኝበት እንደፈለግሁ ግን አልነገርኳትም። ቀዳዳ ቢገኝ እናቴን መልሼ የማገኛት ይመስለኝ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ መቅረጫዬን ይዤ ወረድኩ። እናቴ ቀድማኝ ተገኝታ ጥጓን ይዛለች። ለብቻቸው ላናግራቸው እንደምፈልግ ብነግራት «እኔ ምን አደረግሁሽ? አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ» አለች። አልዘጋችም።

ሴትየዋ በሰሜን ቻይና ሜዳ ላይ ካለ መንደር ናቸው። ልጅ ሳሉ እናታቸው እንደ አገሩ ወግ እግራቸውን በጨርቅ አስረውት ነበር፤ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር። አክስታቸው ተጣልተው አስፈቱላቸው፤ ያም ሆኖ ትንሿ ጣታቸው እስከ ዛሬ ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ካልሲያቸውን አውልቀው አሳዩኝ። «መጀመሪያ የታሰርኩት እንዳልራመድ ነው» አሉ፣ ልጃቸው እየተረጎመች። «ሁለተኛው እንድራመድ ነው።»

ወታደሮቹ መንደሩን ሲያቃጥሉ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ተዋጊዎቹን ተከትለው ሄዱ። ጠመንጃ የሰጣቸው አልነበረም፤ ጠመንጃ ከሰው ያነሰ ነበር። ጨውና መድኃኒት በቅርጫት ሥር ደብቀው በፍተሻ ኬላ ያሳልፉ ነበር። የጠላትን የስልክ ሽቦ ይቆርጡ ነበር። በመንደሮቹ ሥር በተቆፈሩ ዋሻዎች ውስጥ ቁስለኛ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ጠመንጃ የያዙት በኋላ ነው፣ ከሞተ ሰው ወርሰው። ቀን ሙሉ ሲጓዙ እግር እንዳያብጥ ሁሉም ባቱን በጨርቅ ያስራል። ያ ጨርቅ ሲያስፈልግ ገመድ፣ ሲያስፈልግ ፋሻ ነው።

እንደ ልማዴ የጠየቅሁትን ቆይቼ በሌላ በኩል ዞሬ ጠየቅሁ። ወንዙ ከመንደሩ በየት በኩል ነው? ኬላው ከወንዙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ሲሻገሩ ወቅቱ ምን ነበር? ታዲያ እህሉ ቆሞ ነበር ወይስ ታጭዷል? የሚዋሽ ሰው ሰማዩንና እህሉን አያስማማም። እሳቸው አስማሙ። የማያውቁትን አላውቅም አሉ። የገደልኩት ሰው እንዳለ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ተኩሻለሁ፣ ጨለማ ነበር አሉ። እንዲህ የሚል ሰው አይዋሽም። ቀዳዳ አላገኘሁም፣ ደስም አላለኝም።

«ማሰሩን ማን አስተማራቸው?» አልኩ።

የጎረቤት መንደር ልጅ አሉ። በአንድ ዓመት የምትበልጣቸው። እሷ ስታስር ጨርቁ ቀን ሙሉ አይላላም። አዛዡ ሰልፈኛውን ሰብስቦ እግሯን ያሳይና እንደሷ እሰሩ ይል ነበር። አንድ ጊዜ ወንዙን ተሻግሮ መልእክት የሚያደርስ ሰው ሲፈለግ ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። የተመረጠችው እሷ ናት። አልተመለሰችም። ዛሬ በመንደሯ መግቢያ ስሟ የተቀረጸበት ድንጋይ አለ።

«ሲያስቧት ምን ይሰማቸዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ይህን ጥያቄ ጀማሪ ጋዜጠኛ እንኳ ይጠይቀዋል፣ ብዙም አልጠበቅሁበትም።

ሴትየዋ ረጅም ተናገሩ። በእጃቸው ድንጋዩን ሠሩ፣ ጉልበታቸውን መቱ፣ በመስኮት ወደ ውጭ ጠቆሙ። ሲያበቁ ልጃቸው «ሁልጊዜ ታስታውሳታለች። በጣም ታከብራታለች» አለችኝ።

«ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ያወሩት?»

ልጅቱ ፊቷ ቀላ። «የቀረው... የቤተሰብ ነገር ነው።»

ሴትየዋ ልጃቸውን ተመለከቱ፣ እኔን ተመለከቱ፣ የሆነው ገባቸው። በቻይንኛ ተቆጡ። ቋንቋውን ባላውቅም ቁጣው የእናት ቁጣ ነበር።

«እሺ» አለች ልጅቱ። «ትቀናባታለች። እንዲህ ነው ያለችው፦ ‹እሷ ስልሳ ዓመት ሙሉ ልጃገረድ ናት። ድንጋይ ጉልበቱን አያመውም። ለሷ አበባ ያኖሩላታል፤ እኔ ለመድኃኒት ወረፋ እይዛለሁ። እኔን መርጠውኝ ቢሆን ድንጋዩ የኔ ነበር።›»

«ድንጋዩ ይሻላቸዋል ወይስ በሕይወት መኖሩ?»

ልጅቱ ጠየቀችልኝ። ሴትየዋ አንድ ቃል መለሱ።

«ሁለቱም» አለች ልጅቱ።

እናቴ ከጥጓ «ምን አለች? ምን አለች?» ትል ጀመር።

«በሞተችው ጓደኛዋ ትቀናለች።»

«ታዲያስ! ሰው አይደለችም እንዴ?» እናቴ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ በምን ትለያለሽ? ይሄን ጨርቅ ካየሽ ጊዜ ጀምሮ ዓይንሽ ሊፈርጥ ነው።»

«እማዬ፣ እየተቀዳ ነው።»

«ይቀዳ! ወላሂ ይቀዳ። በሐኪም ስም መጥተሽ እግሬን ይዘሽ እንደ ፍየል የምትታገይኝ አንቺ። እሷ ምንም አላለችኝም፣ አሰረችኝ። በዚህ ቀናሽ።»

ሴትየዋ በልጃቸው በኩል ምን እንደተባለ ጠየቁ። ልጃቸው እኔን አየችኝ። አማርኛ አታውቅም፣ መተርጎም የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። «ስለ እግሯ እያመሰገነቻቸው ነው» አልኩ። ሴትየዋ እኔ ልጃቸውን ባየሁበት ዓይን አዩኝ።

ስንወጣ ልጅቱ በሩ ላይ ቅናቱን ከፕሮግራሙ እንዳወጣው ለመነችኝ። ለጀግና አይሆንም አለች። ሴትየዋን ራሳቸውን እንድትጠይቅልኝ ነገርኳት። ይቅር የሚለው መልስ መጥቶ ቢሆን አወጣው ነበር። እንዳለ ይቆይ አሉ፤ ስለዚህ ቆየ። ቅዳሜ ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ኩሽና ቆሜ የእናቴን ፊት አይ ነበር። ሰው እየደወለ እንኳን ደስ ያላችሁ ሲላት ስልኩን ይዛ «አዎ፣ እሷ የኔ እትዬ ናት» ትላለች። ልጄ ናት ያቀረበችው ማለት አልታወሳትም። ፕሮግራሙ በደንብ የተሠራ ነበር፤ ይህን የምለው በሌላ ሰው ሥራ ላይ በምፈርድበት ሚዛን ነው።

በረዶው ሲቀልጥ የሴትየዋ ልጅ ቺካጎ የተሻለ ሥራ አገኘች። ሊሄዱ እንደሆነ እናቴ ስትሰማ ከፋት። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለለኝ። ከዚያ ማን ሊያስራት ነው የሚለው መጣ።

በመጨረሻው ሳምንት ሴትየዋ እኔን በጣታቸው ጠርተው በርጩማዋ ላይ አስቀመጡኝ። የእናቴን ተረከዝ ጭኔ ላይ አኖሩት። አሰርኩ። ፈቱት። አሰርኩ። እጄን ቸብ አደረጉኝ፤ የሚያም ባይሆንም ጨዋታም አይደለም። የማጠፊያው ቦታ ላይ ጣቴን ይዘው አሳዩኝ። ግራው እግር በቀኙ ተቃራኒ እንደሚዞር ያሳዩኝ ይመስለኛል፤ እኔ ያን ጊዜ እናቴን እያየሁ ነበር። እናቴ የምታየው ሴትየዋን ነው፤ እጇ በወንበሩ ላይ ነበር።

የሄዱ ዕለት ጨርቆቹን አጥበው፣ ጠቅልለው፣ በፕላስቲክ ከረጢት በራችን ላይ ትተውልን ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የማስረው እኔ ነኝ። እናቴ ትዘረጋልኛለች፣ ትግል የለም። ግን እያንዳንዱን ዙር ትመዝናለች።

«እዚህ ጋ እሷ ጠበቅ ታደርገው ነበር።»

«እሺ።»

«እንዲህ አይደለም። እሷ ብትሆን...»

«እሷ ቺካጎ ናት፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ የት እንዳለች።»

ድንጋዩ ያኔ ገባኝ። ሰውየው በአጠገብህ ካለ ይሳሳታል፣ እጁ ይቀዘቅዛል፣ አንድ ቀን ይረሳል። የሄደ አይሳሳትም። ሴትየዋ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ጨርቅ ባሰሩ ቁጥር ከማን ጋር ሲወዳደሩ እንደኖሩ አውቃለሁ። እኔ የተወዳደርኩት እሳቸው ከሄዱ ወዲህ፣ ከበልግ እስከ መኸር ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አሰርኩ። ምንም አላልኳትም፤ ዘርጊ አላልኩም፣ ሐኪም አላነሣሁም። ሁለተኛውን እግር ጀምሬ መሀል ላይ ስደርስ ጭንቅላቴ ላይ አንድ ነገር አረፈ። ቀና አላልኩም። እናቴ በመስኮት ቫኑን እየጠበቀች ነበር። ጨርቁን ከሚገባው በላይ ቀስ ብዬ አዞርኩት።

ስጨርስ ተነሥታ ጥቂት ተራመደችና «ደውይላት» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለእትዬ ነዋ። ልጄ እንዳንቺ አድርጋ አሰረችኝ በያት።»

የኔ ደስታ ለእሳቸው የሚላክ ዜና ሆነ። ሆኖም ደወልኩ። ልጅቱ አነሣችው፣ ነገርኳት፣ ለእናቷ ነገረች።  ከዚያኛው ወገን ረጅም ቻይንኛ መጣ፣ መሀሉ ላይ ከፍ ያለ።

«ጎሽ ትላለች» አለች ልጅቱ።

«ይህ ሁሉ ጎሽ ነው?»

ልጅቱ ሳቀች። «‹ላልቷል፣ አውቃለሁ። ቀትር ሳይደርስ ይወልቃል። እናቷ ይሉኝታ ይዟት ነው› አለች።»

እንደዚያ ቀን ስልክ ዘግቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጦርነት የተዋጉ ሴት ቺካጎ ቁጭ ብለው በእኔ ቀንተዋል።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ከሥራ ወጣሁ፣ ድራይቭ አድርጌ መጥቼ ቫኑን በር ላይ ጠበቅሁ። እናቴ ስትወርድ ከፊቷ በፊት እግሯን አየሁ። ሁለቱም እንደታሰሩ ናቸው። ቀኙ ጠዋት እንደተውኩት ነው። ግራው ከባቷ ላይ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ሸርተት ብሏል።

ማታ ልጅቱ ደውላ «እማዬ ጨርቁ እንዴት እንደዋለ ጠይቂልኝ ትላለች» አለችኝ።

እናቴን አየኋት። እናቴም አየችኝ፣ ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ሳብ አድርጋ ግራ እግሯን ሸፈነች።

«ምንም አልሆነም በያት» አልኩ።